ፈረስ እየሳብኩ ቢሮ ገባሁ

እኔን ካመናችሁኝ፣ ሰው ወደ ሥራው በምን እንደሚሄድ የሚወስንለት እግሩም ኪሱም አይደለም፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባው ነው! ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች... (አቶ ጌጡ፣ ተረት ነው፤ እርስዎን ማለቴ አይደለም።)

አቶ ጌጡ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው። በበቅሎ ይመጣሉ። እኔ ግን ራቅ ያለው ቢሯችን ለመድረስ አንድ ሰዓት በእግሬ እኳትናለሁ። ኃላፊያችን ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል የፊርማ መዝገቡን ይቆልፉታል። ሁለት ጊዜ ተቆልፎብኝ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሦስተኛው የስንብት ነው ተባልኩ። ፈራሁ!

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜህ በእግር?» አሉኝ አቶ ጌጡ። «የሒሳብ ሠራተኛዋ እንኳ በቅሎ ጀምራለች። የአማትህ ፈረስ ቆሞ አይደል የሚውለው?»

ተዋስኩ። ሰኞ ጠዋት ኮርቻው ላይ ጉብ አልኩ። ብዙም ሳልርቅ ቤተ ክርስቲያን... ፈረስ ላይ ሆኖ ይታለፋል እንዴ? ወርጄ ተሳለምኩ። እኔ ደግሞ መወጣጫ ድንጋይ ካላገኘሁ ፈረስ ላይ መውጣት አልችልም! ድንጋይ ፈልጌ እንደወጣሁ ፀሐይ የሚሞቁ ሦስት አዛውንቶች። ወረድኩ።

«እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከብቱ? ገብሱ? አማትህስ?»

በእግሬ ብሆን እኮ እጅ ነስቼ እያዘገምኩ እመልስ ነበር። እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና ኮርቻ... ቀጥሎ ለቀስተኛ ከነአስከሬኑ! ወርዶ ጥቂት መሸኘት ወግ ነው። የሚሄዱት ግን ቅድም ወደተሳለምኩት ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ኋላ ነበር። ሸኘሁ፤ ምን ላድርግ?

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፈረሱን እየሳብኩ ደረስኩ። ኃላፊያችን በር ላይ ቆመዋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ፈረስ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምነው ትስበዋለህ?»

«መንገዱ ላይ የሚከበር ሰው በዛብኝ!»

አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ፈረሱን ዞረው ዞረው አዩትና ፊታቸው ጠቆረ።

«ሠራተኞቼ ሁሉ ሲጋልቡ እኔ ብቻ በእግሬ?»

በሳምንቱ በቅሎ ገዙ። ሰውየው የሚኖሩት ከእኔም ወዲያ ነው፤ በዚያ መንገድ የግማሹ አገር ክርስትና አባት ናቸው። ይኸው አሁን የመዝገቡን ቁልፍ በኪሳቸው ይዘው፣ አራት ሰዓት ላይ በቅሏቸውን እየሳቡ ይደርሳሉ። የስንብት ደብዳቤዬስ? አርፋጅ ለአርፋጅ ምን ብሎ ይጽፋል!

እኛ በር ላይ ተሰልፈን እንጠብቃቸዋለን። ከዚያ ወዲህ፣ ወዳጄ፣ በመሥሪያ ቤታችን አንድም አርፋጅ ተመዝግቦ አያውቅም።