ጋሼ አደጋ ዝም ያሉ ዕለት

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ኬሚስቷ እንዲያ ትላለች። የላቦራቶሪው መዝገብ ግን ረቡዕ ይላል፤ መዝገቡን የጻፈችው ደግሞ ራሷ ናት። ቸኩላ ስለጻፈች ይሆናል፣ ወይም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታመላልሰው ቀኑ አርጅቶባት ይሆናል። ብርዱን ግን አትጠራጠረውም።

ሰው በተሰበሰበበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ጋሼ አደጋ አለ። እናንተም ጋ አለ፤ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ። በር አጠገብ የተቀመጠ፣ ሻዩን ከመጠጣቱ በፊት የሚያሸት፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሰላም የሚላችሁ ሰው ካለ እሱ ነው። ዓለም እስካሁን ያልፈረሰችው እሱ ነቅቶ ስለሚጠብቃት እንደሆነ ያምናል። ይህን ማስተባበል የቻለ ሰው ደግሞ የለም።

የእኛው ክቡር ጋሼ አደጋ ተራራ ላይ ከሚለሙ ባለመዓዛ ተክሎች ዘይት በሚያወጣ ድርጅት ውስጥ የማንጠሪያው ኃላፊ ነበሩ። ጦስኙ ከእርሻው ታጭዶ ይመጣል፤ እሳቸው በእንፋሎት ያነጥሩታል፤ ኬሚስቷ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ምን በምን ያህል መጠን እንዳለ በማሽን ለክታ የምስክር ወረቀቱ ላይ ትፈርማለች። እውነተኛ ስማቸውን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ሊጨርሰን ነው?" ትላቸዋለች ጸሐፊዋ ጠዋት ጠዋት።

"አትቀልጂ ልጄ። ያ ሶኬት ሞቋል። ኋላ አልነገረንም እንዳትሉ!"

የቦይለሩን እሳት ማጥፋታቸውን ለማየት ሦስት ጊዜ ይመለሳሉ፤ አራተኛ የሚመለሱት ሲመላለሱ በሩን ክፍት ትተውት እንደሆነ ለማጣራት ነው። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ አዲስ ምንጣፍ ሲገባ ተንበርክከው አሽትተውት ሲያበቁ "እዚህ ቢሮ ውስጥ ረጅም ስብሰባ ባይደረግ ጥሩ ነው" አሉ፤ ሠራተኛው በሙሉ ደገፋቸው። ጸሐፊዋ ያገባች ዕለትም ሙሽራውን አቅፈው ሲስሙት በጆሮው "እንኳን ደስ ያለህ። የኋላው በር ተቆልፏል፤ ምናልባት ነገር ከመጣ ይዘሃት በግራ ውጣ" ብለውታል።

ከዘይት ፊት ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። አንዲት ጠብታ ወረቀት ላይ ያሳርፉና አፍንጫቸው ሥር ወዲያ ወዲህ ያደርጓታል። "ይሄ የላይኛው እርሻ ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ነው የታጨደው። ቁጣው በዝቷል።" ቁጣ የሚሉት ታይሞልን ነው፤ ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኘውን፣ ደረት የሚከፍተውን፣ ሲበዛ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለውን። ማሽኑ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሾጣጣ ተራሮቹን ወረቀት ላይ ስሎ ሲጨርስ፣ የታይሞሉ ተራራ ከሁሉም በላይ ቆሞ ይገኛል።

"እሱም ደረሰበት?" ይላሉ ጋሼ፣ ማሽኑን ማለታቸው ነው። "ጎበዝ ነው። ሽቦው ግን አላማረኝም።"

እንግዲህ ያን ዕለት፣ ማክሰኞም ይሁን ረቡዕ፣ ከላይኛው እርሻ የመጣ አሥራ አንድ በርሜል የጦስኝ ዘይት ማሞቂያ በሌለው መጋዘን ሲበርድ አድሯል። ገዢው ሳል ለያዛቸው ሕፃናት ደረት የሚታሽ ቅባት ይሠራል፤ ዘይቱን የሚያቀጥነውም ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እያየ ነው። ሾፌሩ ግቢ ውስጥ ጥሩንባ ይነፋል። ኬሚስቷ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል፤ አባቷ ሥራ መያዟን ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል። ጣቶቿ ደንዝዘው ስለነበር የመስታወት ቱቦዋን አንዱ በርሜል ውስጥ ነከር አድርጋ፣ ከላይ ከላዩ ቀድታ ወደ ሙቀቱ ሮጠች። ማሽኑ ታይሞሉ ሠላሳ ስምንት በመቶ ነው አለ። ፈረመች። አሥር በርሜል ተጭኖ ወጣ፤ አንዱ ቦታ አጥቶ ቀረ።

ጋሼ አደጋ መጡ። የናሙናዋን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱ። ኬሚስቷ የተለመደውን መዓት ለመስማት ፈገግ ብላ ጠበቀች።

ምንም አላሉም። ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱና እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከትተው ወጡ።

ሰው ሁልጊዜ ከሚጮህ ጥሩንባ ጋር መኖር ይለምዳል፤ ድንገት ዝም ሲል ነው ልቡ የሚርደው። በአምስት ወር ውስጥ እኒህ ሰው ስለ ምንም ነገር ዝም ብለው አታውቅም። ወረቀቱን አነሣች። የላይኛው እርሻ፣ ካበበ በኋላ የታጨደ፣ እና ሠላሳ ስምንት ብቻ? ወደ መጋዘኑ ሮጣ የቀረውን በርሜል ከፈተችና በባትሪ አበራችበት። ታቹ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ እንደ መርፌ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ። ታይሞል ሲበርደው ይረጋል፤ ሲረጋ ይዘቅጣል። ስለዚህ በብርድ ቀን በርሜሉ ሳይሞቅና ሳይናጥ ከላይ የተቀዳ ናሙና ውሸታም ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለች ይህንኑ ተጠይቃ ሙሉ ማርክ ያገኘችበት ጥያቄ ነው።

ሾፌሩ ጋ ደወለች፤ አያነሣም። መሪ ይዞ ስልክ እንዳያነሣ በልጆቹ ያስማሉት ራሳቸው ጋሼ አደጋ ናቸው። ሌላ መኪና መላክ የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው፤ ለሱ መንገር ደግሞ በገዛ አፏ ከሥራ መባረር ነው። ኮሪደሩ ያን ቀን እንደረዘመ ረዝሞ አያውቅም። አንዲት እናት መዳፏን አሙቃ የልጇን ደረት ስታሽ በሐሳቧ ታየቻት፤ የልጁ ቆዳ ሲቀላ፣ እናቲቱ የሚያለቅሰው ከሳሉ የተነሣ መስሏት ደግማ ስትቀባው። በሩን ገፋችው።

ጋሼ አደጋ ቀድመዋት ገብተዋል፤ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ምንጣፉ ላይ ቆመዋል።

"ፒክአፑ ይድረስበታል" ይላል ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እየዘጋ። "እኔ የማይገባኝ፣ ናሙናውን ማን ነው እንዲያ የቀዳው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ። "እሷ ማሽኑ ጋ ነበረች።"

"እርስዎ? ውሃ እንኳ ሳያሸቱ የማይጠጡ ሰው?"

"እርጅና ነው እንግዲህ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ኬሚስቷ ዞረ። "እንዲህ ነው?"

አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ዘጠኙ ቀንና የአባቷ ፊት ግን ቀደሙት። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ዛሬም አንዳንድ ቀን መስታወት ፊት ስትቆም ያን ንቅነቃ ታየዋለች።

በርሜሎቹ ተመለሱ፤ ሞቀው፣ ተንከባለው፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ተቀዱ። ሃምሳ አራት በመቶ። የማንም ልጅ አልተቃጠለም። ጋሼ አደጋ ጡረታ ሊወጡ አሥራ ስምንት ቀን ሲቀራቸው በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉ። አሸተቱት። "ቀለሙ አላማረኝም" ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ያን አሥራ ስምንት ቀን ኬሚስቷ ጠዋት ጠዋት "ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ" እያለች ትገባለች። አንድ ጊዜ ማንጠሪያው ጋ ለብቻቸው አግኝታቸው "ጋሼ፣ ያን ቀን..." ስትል ጀመረች።

"ያን ቀን ብርድ ነበር። ለዚያ መጋዘን ማሞቂያ ግዙ ብዬ ስንቴ ጮህኩ?" ብለው ቫልቩን ሊያዩ ሄዱ።

የስንብቱ ዝግጅት ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ ነበር፤ ኬክ ታዟል። ኬሚስቷ የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጅ አድራለች፤ የሚሞቅ ሶኬት የሚፈሩ ሰው፣ አዲስ ምንጣፍ የሚፈሩ ሰው፣ ያን ደብዳቤ እንዴት ሳይፈሩት ቀሩ? ደግሞስ ስለ እሷ ብለው ለምን? ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ማንጠሪያው ወረደች። ካፖርቱ ከሚስማሩ ላይ የለም።

"አሁን ወጡ" አላት ዘበኛው። "ከሰዓት ዝናብ ይመጣል፣ መንገዱ አይታመንም አሉ።"

ወደ በሩ ሮጠች። ሰርቪሱ ኩርባው ጋ ደርሷል። በኋላው መስታወት የጋሼ አደጋ ጀርባ ይታያታል፤ ማንም ቀበቶ በማያስርበት አውቶቡስ ውስጥ አጎንብሰው ቀበቶ እየፈለጉ ነበር። አገኙት፣ አሰሩት፣ ሳብ አድርገው ሞከሩት። አውቶቡሱ ታጠፈ።