ጋሼ ማብራሪያ ውጭ ይቆዩ

ካሜራ በቆመበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ለማንም ይቅረብ፣ መልሱ የእሱ ነው። ዘጋቢ ፊልም ለምትሠራው ወጣት አዘጋጅ የደረሷት ደግሞ የዚህ ወገን አለቃ፣ ክቡር ጋሼ ማብራሪያ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ድምፅ ቀጂው ነው። ንግግራቸውን በጆሮ ማዳመጫ ሲጋተው የሚውለው እሱ ስለሆነ መብቱ ነበር።

ፊልሙ ስለ ጦር መሣሪያ ነው። ሰው በአንድ ስድብ ሰው እስከ መግደል የሚደርሰው፣ መታጠቅስ የወንድነት ወግ የሆነው ለምንድን ነው? አዘጋጇ ይህን ይዛ የመጣችው፣ የልጃቸው ጓደኛ በስድብ ተናዶ ተኩሶ ልጃቸውን ወደ ገደለባቸው እናት ቤት ነው። ጋሼ የእናትየዋ ታላቅ ወንድም ናቸው። አዘጋጇ የምትፈልገው ግን የእናትን ቃል ነበር። ያለዚያ ፊልሙ ባዶ ነው።

«ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ትላለች።

«እኔ ላስረዳሽ!» ይላሉ ጋሼ፣ ሻይ ይዘው ከጓዳ ብቅ እያሉ።

ሰኞ፣ እንደ ጋሼ አባባል፣ ጥፋቱ የተኩስ ፊልም ነበር። ማክሰኞ የዘፈን ሆነ፤ በማግሥቱ የሥራ አጥነት። ለካሜራ ባለሙያው ሳይቀር የካሜራ አያያዝ አስረድተውታል። አንድ ቀን ብቻ፣ «እኛም አለንበት። ሕፃን እንጨት አንስቶ ሲያነጣጥርብን የኔ ጀግና ብለን ያጨበጨብነው እኛ ነን» አሉ። አዘጋጇ ደንግጣ ቀና ስትል ጋሼ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጀምረው ነበር።

እናትየዋ ታዲያ፣ «እሱ እንዳለው ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አይሉም።

በመጨረሻው ቀን የአዘጋጇ ትዕግሥት አለቀ። «በሞቴ ጋሼ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን።»

ጋሼ እህታቸውን አዩ። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ። ይህን ያህል አጭር ንግግር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ድምፅ ቀጂው ከቃለ መጠይቁ በፊት የክፍሉን ዝምታ መቅዳት ነበረበት። ፊልሙ ሲቀናበር ንግግርን ከንግግር የሚያያይዘው ይኸው ነው። «እባካችሁ፣ ማንም አይናገር» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የእናትየዋ ጣቶች የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመደዱ።

«ጥሩት» አሉ። «ግባ በሉት።»

«ምን ሆኑ እናቴ?»

«ልጄ የተመታው እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ተኩሱ ይሰማኛል። ይሄ ወንድሜ እኮ ጎረቤት ድምፁን የማያውቀው ዝምተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ጠዋት መጥቶ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ የሚለፈልፍልኝ። ወሬ ሲያልቅበት ከራሱ ይፈጥራል።»

አዘጋጇ ስትጠብቀው የከረመችው የእናት ቃል ይኸው መጣ። ካሜራው ግን ገና አልተከፈተም። አዘጋጇ ትዝም አላላት፤ እየሮጠች ወጣች።

ጋሼ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሲገቡ የሚሉትን እያሰናዱ ነበር። አዘጋጇ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ አማራት።

«ይግቡ ጋሼ። ይግቡና ያውሩ።»

ዞር ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዛሬ ምንም አልመጣልኝም ልጄ» አሉ። «እስቲ አንቺ ጀምሪልኝ።»

ክንዳቸውን ይዛ ገባች። ከእናትየዋ እግር ሥር ቁጭ አለችና፣ አውቶቡስ ተሳስታ የተሳፈረች ዕለት የደረሰባትን ከመጀመሪያው አንስታ ማውራት ጀመረች።