«እናቴ እንዲህ ትላለች»

በሰው አገር ሱቅ የከፈተች እናት ሁሉ አንድ ናት። አገሩ ይለያይ ይሆናል፣ ሱቁም ይለያይ ይሆናል፤ እናትየዋ ግን ያችው ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፣ ስትጠየቅ «ምን ሠራሁና ይደክመኛል» ትላለች፣ የአገሩን ቋንቋ ደግሞ «ከሰኞ ጀምሮ እማራለሁ» እንዳለች ታረጃለች። አጠገቧ አፍ ሆና የምትኖርላት አንዲት ሴት ልጅ አትጠፋም። የእናቴ አፍ እኔ ነበርኩ።

ነፍሷን ይማረውና፣ ክብርት እናቴ የልብስ ማስተካከያ ቤት ባለቤት፣ ዋና ሰፊና የሰፈሩ ወገብ ሁሉ ጠቅላይ መርማሪ ነበረች። ሱቃችን በጫማ ጠጋኙና በጥርስ ሐኪሙ መካከል የተሸጎጠ፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚጠብቅበት ቤት ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ጥግ ላይ ደግሞ «መለኪያ ክፍል» እያልን የምናከብረው መጋረጃ። እናቴ የምታወራው ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነው። አሥር ስፒል ይዛ ሰው ስትዘልፍ አንዱም ወድቆባት አያውቅም።

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ «ሦስት ወር ብቻ አግዢኝ፣ ቋንቋውን እስክይዝ» አለችኝ። ሦስት ወሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የያዘችው «ሐሙስ»፣ «አጭር»፣ «ረጅም» እና «ቀጥ ብለህ ቁም» የሚሉትን ነው። የቀረው በእኔ በኩል ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። እናቴ ለደንበኛ እውነቱን ትናገራለች፤ ተናግራም አትበቃም፣ «እንዳለ ንገሪያት!» ትለኛለች።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከመጋረጃው ወጣች። ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። እናቴ ሁለት ጊዜ ዞረቻትና፣ «ይሄ ቀሚስ የእሷ አይደለም፣ የታናሽ እህቷ ነው። እህት ከሌላት ትፈልግ። እንዳለ ንገሪያት!» አለችኝ።

እኔም እንዳለ ነገርኳት። «እናቴ ቀለሙ ፊትሽን አበራው ትላለች። ከጎንና ከጎኑ ትንሽ ጨርቅ ብንጨምርበት ደግሞ ልክሽ ይሆናል።»

ሴትዮዋ እናቴን አቅፋ ሳመቻት።

«ምን ሆና ነው?» አለች እናቴ በስፒሎቹ መሀል።

«ደስ ብሏት ነው እማዬ።»

«በምኑ?»

ሌላ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የሠርጋቸውን ኮት ይዘው መጡ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸውን በዚያው ኮት ሊድሩ ፈልገዋል። እናቴ ኮቱን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። «የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ የለውም። ሰውዬው እንጂ ኮቱ አልወፈረም። ይተውት በያቸው።» እሳቸው መስታወቱ ፊት ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አቃተኝ። «እናቴ ለሐሙስ ይደርሳል ትላለች» አልኳቸው።

ሐሙስ መጡ።

«እኚህ ሰውዬ ደግሞ ምን ፈልገው ነው?»

«ኮታቸውን ሊወስዱ ነው።»

«የቱን ኮት?»

«ተሳስቼ… ይደርሳል ብያቸው ነበር።»

እናቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች። ይህን ስታደርግ መሸሽ ነው የሚሻለው፤ ግን ወዴት ይሸሻል፣ ቤቱ ሦስት እርምጃ ነው። ከስፌት መኪናው ሥር ካለው ሳጥን ለክት የምታስቀምጠውን ጥቁር ጉርዷን አውጥታ ቀደደችው። ከሁለቱም ብብት ሥርና ከጀርባው ጨርቁን አስገባችበት። ሽማግሌው በሸሚዝ ብቻ ሆነው መጋረጃው ኋላ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ኮቱን ለብሰው ሲቆልፉት አለቀሱ።

«አሁን ደግሞ ምን ያስለቅሳቸዋል? ጠበባቸው?»

እንዲህ እያልን ኖርን። ሰፈሩ ሁሉ «እናትሽ ማር ናት» ይለኛል። ማር! ማሯ ደግሞ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ «ይቺ ልጄ አፍ ብቻ ናት፣ እጇ ላይ ምንም የለም» ትላለች። የትምህርቱን ነገር ከተውኩት ቆይቷል፤ ቀረ፣ ቀረ ነው። አንድ ነገር ግን አልተውሽ አለኝ። ያ ሱቅ ስንት ጊዜ በእኔ አፍ እንደተረፈ እሷ አለማወቋ። መሥራት አያደክምም፤ ሠርተሽ ሳይታወቅልሽ ሲቀር ነው የሚያደክመው። ልነግራት እልና፣ ቆማ ስትሰፋ ሳያት እተወዋለሁ።

ከዚያ ታመመች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ በሽታው እንደተሰራጨና የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረችን። ነገረችኝ ማለቴ ነው።

«ምን አለች?»

«መድኃኒቱን በደንብ ከወሰድሽ ይሻልሻል ትላለች።»

እናቴ እኔን አላየችም። ያየችው ሐኪሟን ነው። «ይቺ ልጅ እንባዋ ሊመጣ ነው። ይሻላታል ብላ ነው የምታለቅሰው?»

ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ።

«አንቺ፣ እኔ ቋንቋ ባላውቅ ፊት አላውቅም? ቀሚሱ የታናሽ እህትሽ ነው ብያት ስትስመኝ! ያን ያህል ዓመት ሰድቤ ስታቀፍ ኖርኩ እኮ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከኮቱ ሰውዬ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?»

«ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል! በራሴ አፍ ባወራ በወሩ ነበር የምንዘጋው። እኔ ጨርቁን ያዝኩ፣ ሰዎቹን የያዝሽው አንቺ ነሽ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቋንቋውን ተምሬ ሁሉን ላበላሽ? ትምህርትሽን የበላሁብሽ እኔ ነኝ፣ እሱንም አውቃለሁ። አሁን ግን ደንበኛሽ አይደለሁም። በይ።»

«አይድንም ትላለች» አልኳት። «ቢበዛ ጥቂት ወራት።»

አንሶላውን በመዳፏ አቃናችው። ደጋግማ አቃናችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ ሐኪሟ መለሰች። «የጋዋኗ እጅጌ ረዝሞባታል። ሦስት ጊዜ አጥፋዋለች። እንዲህ ሆና ነው ሰው የምታክመው? ታውልቀው በያት።»

አንዲት ቃል ሳልቀይር ነገርኳት። ሐኪሟ እጅጌዋን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ቁልፎቹን ፈትታ ጋዋኑን እናቴ ጉልበት ላይ አኖረችው።

ቦርሳዬ ውስጥ መርፌና ክር አይጠፋም። የግራውን እሷ ሰፋችው። እጇ ሲዝል የቀኙን እኔ ጨረስኩት። ሐኪሟ ለብሳ ክንዷን ዘረጋች፤ እናቴ ሁለቱንም እጅጌ አስተያየችና፣

«የቀኙ ስፌት ይበልጣል» አለች።

ያቺን አላስተረጎምኩም። ለራሴ አስቀረኋት።