ስምንት ገጽና በር ላይ የቀረች ሴት

ወላሂ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬ ከሆነ የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ቀለሙ ይንጠፍ፣ ወረቀት ይነክስበት፣ ለአንድ ወር ደንበኛ ደጄን አይርገጠው። ይህን ያህል የምምለው የደሴ ሰው ስለሚያውቀኝ ነው።

ትናንት ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ምን አስጨንቆኝ እንደተኛሁ ልንገራችሁ፤ አለዚያ በጎቹ አይገቧችሁም።

ከሱቄ ጀርባ፣ በአከራዬ በእትዬ ዘነብወርቅ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። እኔ፣ ይርዳው ጎሚስታውና ልብስ ሰፊዋ መሰሉ እሑድ እሑድ እዚያ ተቀምጠን አንድ ጨዋታ እንጫወታለን። አንዱ ታሪክ ይጀምራል፤ ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ ሰው እንሆናለን፤ የምናደርገውን በአፋችን እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል። በቃ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንል ዘንዶ ገድለናል፣ ሁለት ጊዜ ባሕር ሰጥመናል፣ መሰሉም አንዴ ነግሣ ይርዳውን ከአገር አባርራዋለች።

በዚህ ወር እትዬ ዘነብወርቅ ዳይሱን አዩት። ሟች ባላቸው ከቤት የጠፉት በቁማር ነው። አልጮሁም፤ ጨዋታችሁ ቁማር አለመሆኑን አሳዩኝና ተቀመጡ፣ ካልሆነ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ክፍሏን እቆልፋለሁ አሉን።

የጨዋታው ደንብ አራት መቶ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። መጽሐፉን የተወልን ጨዋታውን ያስተማረን የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነው። ያንን ድንጋይ ለእትዬ መስጠት ነውር ስለሆነ፣ እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ፣ ቀጭን መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ወረቀት አጠፍኩና ስምንት ገጽ አወጣሁ። ላዩ ላይ «ለጀማሪዎች» ብዬ ጻፍኩ። የዳይስ ሠንጠረዥ አስገባሁ፣ የመደመሪያ ሠንጠረዥ አስገባሁ፣ እኔን ያስቸገረኝን ሁሉ አስገባሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ምሳሌ ጀመርኩ። «ዝናብ ነው። አንዲት ሴት በር ታንኳኳለች። ዳይስ ይጣሉ።» ወረቀቱ አለቀ። «ለቀሪው ትልቁን መጽሐፍ ይመልከቱ» ብዬ ስቴፕለር መታሁበትና ዓርብ ጠዋት ለእትዬ ሰጠኋቸው። ጨዋታው ምን እንደሆነ ቅድም ለእናንተ በአንድ እስትንፋስ የነገርኳችሁን ግን አልጻፍኩትም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ በልቼ ተደፋሁ።

ማሽኑ ክዳኑን ከፈተና በወገቤ ይዞ መስተዋቱ ላይ አጋደመኝ። «ስንት ኮፒ?» አለኝ፤ ሁልጊዜ እኔ የምጠይቀውን። አንድ አልኩት። ይነስ ወይ አለና መልሴን ሳይጠብቅ አሳነሰኝ። በሌላው ጎን ስወጣ ስምንት ገጽ ሆኛለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ሁለት የስቴፕለር ሽቦ አለ።

ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከተማዋም ለጀማሪዎች ታትማ ነበር። ጦሳ ተራራ የለም። በነበረበት ቦታ ሰማዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ «ስለ ተራራ ትልቁን መጽሐፍ ይመልከቱ» ይላል። ባጃጆቹ ይሄዳሉ እንጂ አይቆሙም፤ ማቆም ተቆርጧል። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሏል። የሚያወሩት እንስሳትና ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ሰው እጁ ላይ ዳይስ ይዞ ይጥላል፣ ያያል፣ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን ሲያገኝ ጣለ፤ ሦስት ወጣለት፤ ሰላም ሳይለው አለፈ።

የለቅሶ ድንኳን አየሁና ገባሁ። ከአሥር በላይ የወጣለት ያለቅሳል፤ በታች የወጣለት ንፍሮውን ይቆረጥማል። የሟች እናት አራት ጊዜ ጣለች። አራቱንም ጊዜ ዝቅ ያለ ወጣባት። ዓይኗ ደርቆ ዳይሱን ታየው ጀመር። ሕልሙ የከበደኝ ያኔ ነው። አሥር የሚለውን ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከድንኳኑ ስወጣ በግ ተራ ነበርኩ። በጎች ሰው ይገዙ ነበር። አንዲት እናት በግ ወገቤን ዳሰሰች፣ ከንፈሬን ገልጣ ጥርሴን ቆጠረች።

«ይሄ ልጅ መሐሉ የለም» አለች ለባሏ።

«አጥንት ብቻ ነው» አለ እሱ። «ወደ ትልቁ ውሰጂው፣ ይሙላልን።»

በጆሮዬ እየጎተተች አንድ ቢሮ አስገባችኝ። ትልቁ መጽሐፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ ሰው ያነብ ነበር። አንድ የባንክ ዘበኛ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይገልጠዋል። ጨረሰውና መደርደሪያ ላይ አቆመው። ከዚያ እኔን አነሣኝ። ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ከባዱን ትተህ ቀላሉን ነው የያዝከው?» አለኝ።

ከባዱን ይዤ ቀላሉን እንደተውኩ ነገርኩት። ቀላሉን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ ነው አልኩት።

«ሁሉም ማነው?»

ጨዋታውን የሚያውቁት ይርዳውና መሰሉ ብቻ ናቸው። ቢሆን ቢሆን አንዲት ገጽ ልጨምር ብዬ ለመንኩት። መጽሐፉ መነጽሩን አወለቀ። ሲያዩት ያረጀ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል።

«እኔም ስወለድ ስምንት ገጽ ነበርኩ» አለኝ። «አንድ ጀማሪ አንድ ነገር ጠየቀ፣ አንድ ገጽ ጨመሩልኝ። ሌላው ሌላ ጠየቀ። ይኸው አሁን ማንም አያነሣኝም። አንተ ደግሞ ያላነሡኝን ሰዎች ወደ እኔ ትልካቸዋለህ።»

መልሶ አስፋልት ላይ አስቀመጠኝ።

በመንገዱ መሐል አንድ በር ቆሟል። ግድግዳ የለውም። በሩ ፊት አንዲት ሴት ታንኳኳለች፤ ዝናቡ እሷ ላይ ብቻ ይዘንባል። ነጠላዋ ከሰውነቷ ተጣብቋል፤ የጣቶቿ አንጓ ተልጧል። አወቅኳት። የስምንተኛው ገጽ ሴት ናት። ከሰዎቹ ሁሉ የተናገረች እሷ ብቻ ነች።

«ከዓርብ ጀምሮ ነው» አለችኝ። «ማን እንደሆንኩ አልተጻፈም። ለምን እንደመጣሁም አልተጻፈም። ማንኳኳቴ ብቻ ነው የተጻፈው። ልሂድ ብል መሄድ የለም።»

በሩን ገፋሁት፤ አልተገፋም። ዳይስ ጣልኩ፤ ሃያ ወጣ። ከሃያ በላይ የለም። በሩ አልተከፈተም። ሠንጠረዡን አየሁ፤ ሃያ ማለት «ተሳክቷል» ይላል። ምን እንደተሳካ አይልም።

«አንተ ይህን ነገር ከየትኛው መጽሐፍ ተማርከው?» አለችኝ።

ከመጽሐፍ አይደለም አልኳት። አንድ መሐንዲስ አጠገቤ ተቀምጦ «ዋሻ አፍ ላይ ቆመሃል፣ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። እሮጣለሁ አልኩት። ሳቀ። እንደዚያ ነው የተማርኩት።

ሴትዮዋ ማንኳኳቷን አቆመች።

«ታዲያ እኔን ለምንድነው ማንም ያልጠየቀኝ?» አለች።

አፌን ከፈትኩ። አፌ ውስጥ ወረቀት እንጂ ምላስ አልነበረም። እሷ እንደገና ታንኳኳ ጀመር፣ ቀስ ብላ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ማንኳኳቱ እየጎላ መጣና ነቃሁ።

እትዬ ዘነብወርቅ የሱቁን በር ያንኳኩ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በአንድ እጃቸው ስምንቱን ገጽ፣ በሌላው ጓጉንቸር ይዘዋል።

«ይማም፣ አነበብኩት» አሉኝ። «ከዳር እስከ ዳር ዳይስ ነው። ይሄ ቁማር ካልሆነ እኔም ዘነብወርቅ አይደለሁ።»

የገዛ ጽሑፌ መሰከረብኝ። ወደ ክፍሏ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«እቺ ሴትዮ ግን ገባች?»

«የትኛዋ፣ እትዬ?»

«በዝናብ የምታንኳኳዋ ናታ። በር ላይ ትተሃት ጨረስክ። ከትናንት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣችም።»

ወንበር ጎትቼ አስቀመጥኳቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩት።

«ከበሩ ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «ዝናቡ ይሰማዎታል። እያንኳኳች ነው። ምን ያደርጋሉ?»

የሱቁን በር ዞረው አዩት።

«ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን ናት።»

«ማን እንደሆነች ሳልጠይቅማ አልከፍትም» አሉ። ጓጉንቸሩን ማሽኑ ላይ አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ወረቀት መደርደሪያዬ ጎንበስ አሉና በቀስታ፣ «ማነሽ አንቺ?» አሉ።

አንድ ነገር ዋሽቻለሁ፤ ማሽኔን ስለምወደው ልናገር። ጓጉንቸሩን አላስቀመጡትም። እስኪመሽ ድረስ፣ አንድም ዳይስ ሳይጣል፣ ሴትዮዋን አስገብተው፣ ልብሷን አስቀይረው፣ ከየት እንደመጣች ሲጠይቋት፣ ጓጉንቸሩ በቀኝ እጃቸው ነበር። ሲሄዱም ክፍሏን ሳይቆልፉ ይዘውት ሄዱ።