መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም

በየኮንዶሚኒየሙ ሦስት ዓይነት ሰው አይታጣም፦ ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ የጣሪያውን ቁልፍ ይዞ የተሰወረ፣ እና መጽሐፉን ያነበበ። የመጀመሪያው ይዋሻል። ሁለተኛው አይገኝም። ሦስተኛው ግን ሁልጊዜ አለ፤ በተለይ እናንተ ፊልም ከፍታችሁ ተደላድላችሁ በተቀመጣችሁበት ሰዓት አለ።

ቦሌ አራብሳ፣ ብሎክ ሃምሳ ሰባት ላይ ይህ ማዕረግ የአቶ ገብረዋሕድ ነው። አቶ ገብረዋሕድ በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት በአራሚነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከማረሙ አይደለም። ቀዩ እስክሪብቶ ዛሬም ከደረት ኪሳቸው አይለይም። የእድሩ ማስታወቂያ በተለጠፈ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ይመስላል። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው ታርሞ ወደ ሙሽራው ቤተሰብ ይመለሳል፤ የሚያሳዝነው ካርዱ በሙሉ ታትሞ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌ ገብተው ሜኑውን ሲያርሙ አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ አባባ?» ብትላቸው፣ «ሌላ ሜኑ አምጪልኝ፣ ይሄን ጨርሻለሁ» አሏት።

ይህ ሁሉ ፊልም ሲያዩ ከሚያደርጉት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ዓምና በዒድ ጎረቤታቸው ፈቲያ ቤት ተጋብዘው ቴሌቪዥኑ ከልብ ወለድ የተሠራ ፊልም ያሳይ ነበር። ጀግናው ፈረስ ላይ ሲወጣ ክቡር አራሚው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም።»

«ጋሼ፣ ፊልም ነው እኮ» አለች ፈቲያ።

«ፊልሙ ከየት መጣ?»

«ከመጽሐፍ።»

«እንግዲያውስ! ልጁ የወጣው በቅሎ ላይ ነው። ገጽ አርባ ስድስት።»

ባለቤታቸው ሣባ ይህን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰምታዋለች። (በብሎኩ ውስጥ እትዬ ሣባ ናቸው፤ እኛ ግን ወደ እሳቸው መጠጋታችን ስለሆነ አንቱታውን ትተነዋል።) ሣባ ሰው ፊት ማፈር የምትጠላ ሴት ናት። ስለዚህ አንድ ዘዴ አላት፦ ነገሩ ሲጀምራቸው እጇን ጉልበታቸው ላይ ጣል ታደርጋለች። በእነሱ ቤት ቋንቋ ይህ «አሁንስ ዝም በል» ማለት ነው። አቶ ገብረዋሕድም መልእክቱ በሚገባ ደርሷቸው ይቀጥላሉ።

የመጻሕፍቱ ሁሉ ንጉሥ ግን አንድ ነው፤ «ከደመና በታች ያለው ወፍጮ» ይባላል። በደርግ ጊዜ ተተርጉሞ፣ አንዴ ታትሞ የቀረ የልጆች ልብ ወለድ ነው። የሰው ድምፅ የሚፈጭ ወፍጮ አለ፤ ኢልማ የምትባል ልጅ ድምፁን ወፍጮው የወሰደበትን ታናሽ ወንድሟን ፍለጋ፣ ከአንድ ነገረኛ ዝይ ጋር ትሄዳለች። አቶ ገብረዋሕድ ይህን መጽሐፍ በቃላቸው ይወጡታል። እስከ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድረስ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቁትም። ይህንንም ከእሳቸውና ከሣባ በቀር የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተጋቡ በሦስተኛው ወር ሣባ ቤት ስታጸዳ አልጋ ሥር የተከመረ ወረቀት አገኘች። የማተሚያ ቤት ብልሽት መሰላትና ጠቅላላውን ጥግ ላይ ለምትቀመጠው ቆሎ ሻጭ ሰጠቻት። ቆሎ በዚያ ዘመን በምን ይጠቀለል እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከክምሩ መሃል መጽሐፉም ነበር። አቶ ገብረዋሕድ ገና ገዝተውት አንድ መቶ ዘጠና ገጽ አካባቢ ነበሩ፤ አራሚ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚያነብ ቶሎ አይጨርስም። ከሥራ ሲመለሱ አጡት። ሮጠው ሲደርሱ ሻጯ ከኋላ እየገነጠለች ጀምራ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። የቀረውን የሰፈሩ ተማሪ ቆሎውን ጨርሶ ጥሎታል። በማግስቱ ከሥራ ቀርተው በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ የተጨማደደ ወረቀት ሲለቅሙ ዋሉና አንድ ወረቀት ብቻ አገኙ፤ እሱም የስህተት ማረሚያው ገጽ ሆነ። ስለዚህ አቶ ገብረዋሕድ በመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ያሉትን የኅትመት ስህተቶች በሙሉ ያውቃሉ። ምዕራፉን ግን አያውቁትም።

ለሣባ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ሌላ ቅጂ ፍለጋ ብቻ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ደጅ ለዓመታት ጠኑ፤ አልተገኘም። ቆይቶ ስልኩ ሁሉን አዋቂ ሲሆን ሣባ «ከልጆቹ አንዱ በኢንተርኔት ይፈልግልህ» ብትላቸው፣ «የመጽሐፍ ነገር ከስልክ አይጠየቅም» አሉ። ሣባም ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የገቡ ሰሞን መብራት አልነበረም። የየቤቱ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ ተቀምጦ፣ የብሎኩ ልጅ ሁሉ ደረጃ ላይ ተኮልኩሎ ይውላል። አቶ ገብረዋሕድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት ወፍጮውን ያነቡላቸው ጀመር። ከፊት ከሚቀመጡት የፈቲያ ልጅ ጣሃና የሦስተኛ ፎቋ ሊድያ ይገኙበታል። ሊድያ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ በዚያው ክረምት ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በደረሰ ዕለት ሣባ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። የገጹ የመጨረሻ መስመር «ኢልማም ቁልፉን አዞረች፤ በሩም» ይልና ያበቃል።

«ወንድሟ ይመጣል አይደል ጋሼ?» አለች ሊድያ።

የሣባ እጅ ምስሩ ላይ ቀረ። አቶ ገብረዋሕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሌለውን ገጽ ገለጡ። ከዚያም ሁለት ቅዳሜ ሙሉ፣ ያለምንም እፍረት፣ ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ካርቶን ላይ አነበቡ። በሩ ተከፈተ፤ ልጁ ድምፁ ተመልሶለት እየጮኸ ወጣ፤ ኢልማ እጁን ይዛ አገሯ ገባች፤ ዝዩም ጨፈረ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ዝንፍ ብትል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ሃያ ገጽ ዋሹ። ሣባ ወደ ውስጥ ገብታ ማድቤት ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ደግሞም ስትስቅ ቆየች።

ዘንድሮ፣ በሰላም አገር፣ ጣሃ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ።

«ጋሼ! ወፍጮው ፊልም ሆነ! ትሬለሩ ወጥቷል፣ ይዩት፣ ይዩት!»

ክቡር አራሚው መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን አዩ። «ሹሩባዋ የታለ?» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ተከታተለ፦ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለ፣ እሑድ የእድር ስብሰባ ነው። ጣሃና ሊድያ ግን ለእሑድ ከሰዓት ቦሌ ሲኒማ ቲኬት ቆርጠው፣ ለእትዬ ሣባም ጨምረው፣ በራቸው ላይ ቆሙ። የማይታለፍ ሆነ።

«ታመምኩ በላቸው» አለች ሣባ ልጆቹ ሲሄዱ።

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነቱን ነዋ። መጨረሻው አልነበረኝም፣ ከራሴ ነው ያወራሁላችሁ እላለሁ።»

«የት ሄደ ቢሉህስ?»

«ጠፋ እላለሁ» አሉና ጋዜጣቸውን አነሱ።

ሣባ ጋዜጣውን ስታየው ቆየች፤ ገልብጠው ነው የያዙት። እኒህ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ በልጆቹ ፊት የስምንት ዓመት ክብራቸውን ሊያጡ ነው፣ ለዚያውም እሷ ባደረገችው። ሌላም ነገር አለ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቁትን ገጽ ሊያዩ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስፈራቸው እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰላትም።

እሑድ ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ሲቆም በደስታ የተቀመጡ ብቸኛ ተሳፋሪ አቶ ገብረዋሕድ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሰዓቱ ደረሱ።

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር የድሮው አቶ ገብረዋሕድ ተመለሱ። ተመስገን፣ አለች ሣባ በሆዷ፤ እንዲህ ትላለች ብሎ ያሰበ የለም። የኢልማ ቤት በር አረንጓዴ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም፤ ገጽ ሦስት። ድልድዩ ላይ ዝናብ አልነበረም፤ ገጽ ሃምሳ ዘጠኝ። ከዚያ መከራው መጣ፦ የፊልሙ ሠሪዎች ዝዩን ድመት አድርገውታል።

«ዝይ ነው እንጂ!» አሉ፤ አዳራሹ ሰማ።

ከፊት ፈንዲሻ የያዘ ወጣት ዞረ። «ፋዘር፣ በፈጠረህ፣ እንይበት።»

«ልጄ፣ ምኑን ታያለህ? ድመት ነው የሚያሳዩህ።»

ሣባ እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። ጣሃና ሊድያ ግን አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እንደሚኮሩባቸው ያስታውቅባቸዋል።

ኢልማ ቁልፉን ስታዞር ዝም አሉ። ሣባ ይህን ዝምታ በትዳር ዘመኗ ሰምታው አታውቅም። ወደፊት ደገፍ ብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። በሩ ተከፈተ። ወንድምየው አለ፤ ድምፁም ተመልሶለታል። ነገር ግን ወፍጮው ያለ ጠባቂ ከቀረ እንደገና የሰው ድምፅ መፍጨት ይጀምራል። ልጁ «እኔ እቆያለሁ» አለ፤ በዚያው ድምፁ። ኢልማ ብቻዋን ተመለሰች፤ ድመቱ ከኋላዋ።

ሣባ ባሏን አየቻቸው። ያለቅሳሉ። የተጋለጠ ሰው ለቅሶ ግን አልነበረም፤ መጨረሻው ምን ያህል ያማረ እንደሆነ የገባው ሰው ለቅሶ ነበር። ስንቱን ዓመት ቆሎ ሻጯ ጋር የቀረውን ነገር ዛሬ በእጃቸው ያስገቡት መሰለ። ሣባ ያን ጊዜ ይህን ነገረኛ ሰው ምን ያህል እንደምትወደው አወቀች፤ ስለማትናገረው ነው እንጂ ሁልጊዜም ታውቀው ነበር።

መብራቱ በራ። ሊድያ አልተነሳችም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንድሟ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ አልመጣም።

«ጋሼ…» አለች። «ቀረ እኮ። መጽሐፉ ላይም እንዲህ ነው እንዴ?»

አቶ ገብረዋሕድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሊድያ፣ ስሚኝ ልጄ። እኔ የመጽሐፉን መጨረሻ…»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። የዞረው ወደ አቶ ገብረዋሕድ አልነበረም፤ ሰው ፊት ማፈር ወደምትጠላው ወደ ሣባ ነው።

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት!» አለች፤ ድምፅዋ ራሷንም አስደነገጣት። «እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ወንድሟን እጁን ይዛ ነው የወጣችው። ዝዩም ጨፍሯል። ዝይን ድመት ያደረጉ ሰዎች ምናቸው ይታመናል?»

«ብዬ ነበር እኮ!» አለ ጣሃ። «ፊልም ሁሌ ያበላሻል።»

ሊድያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገችና ሳቅ አለች። «ሲሪየስሊ፣ ድመት!»

የሣባ ጉልበት ላይ የሆነ ነገር አረፈ። የባሏ እጅ ነው። በቤታቸው ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ ታውቃለች። እሷም መልእክቱ ደርሷት ቀጠለች፤ ፈንዲሻ የያዘውን ወጣት ሳይቀር ስለ ዝዩ አስረዳችው።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ስለ ድመቱ ይሳደባሉ። ሁለቱ ከፊታቸው ተቀምጠዋል። መገናኛ ሲደርሱ ሣባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መጽሐፉን… ለቆሎ ሻጯ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ ለሰው ነግረህ አታውቅም» አለች።

አቶ ገብረዋሕድ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሣባ።»

«አቤት።»

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትማ አለን። የጎደለው ከሁለት መቶ አሥራ ሦስት ጀምሮ ነው። ሁለተኛ ስትዋሺልኝ ገጹን አስተካክለሽ ዋሺ።»

«እሺ» አለች ሣባ፤ ስትስቅ እንዳያዩዋትም ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።