የጋሽ ሆሊስ አስር ያርድ

ቡድኑ በሞተበት ከተማ ሁሉ መርዶውን ያልሰማ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ቀብሮ፣ ተመልሶ፣ እጁን ሲታጠብ እሱ ገና "ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው" ይላል። እናንተም ሰፈር አለ። የለም ካላችሁ እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የእኛው ክቡር ጋሽ ሆሊስ ፔትዌይ ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው አልነሳም ያለ ትራክተር። በሳምንት ስድስት ቀን እኔ ዓሣ የምጠብስበት ቨርና ምግብ ቤት ይመጡና ባንኮኒው ጥግ ተቀምጠው የቶልቨር ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ማለትም "በቅሎዎቹ"፣ ለምን እንደሚያሸንፍ ያስረዱናል። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ፣ ከዚያ "ዘንድሮ ይለያል።"

እኔ እሷን ነገር ከራሳቸው አስበልጬ ነው የምላት። ደንበኛው ይስቃል፣ ቨርና "አንተ ባለጌ፣ ዓሣው አረረ" ትለኛለች፣ እሳቸው ደግሞ ሳይቀየሙ "ድምፄን አቀጠንከው፣ ትንሽ አወፍረው" ብለው ያርሙኛል።

በአስራ አንድ ዓመት አምስት አሰልጣኝ ቀያየርን። አንዱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ይዞ መጣና በአስራ አራተኛው ወር ሄደ፤ ዕቅዱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት። አንዱ ጸሎት አበዛ፤ ልጆቹ ተንበርክከው ተንበርክከው የሜዳው ሣር ተላጨ። አንዱ የልጆቹን ስም ሳያውቅ፣ በቁጥር እየጠራቸው ተሰናበተ። ጋሽ ሆሊስ ሁሉም ሲመጡ ሚስታቸው የጋገሩትን የስኳር ድንች ፓይ ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ሁሉም ሲባረሩ የሰዎቹን ሶፋ ተሸክመው መኪና ላይ ጭነዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አንድ ጨዋታ ነው ያሸነፈው" ብላቸው፣

"አንዷን ግን በደንብ ነው ያሸነፋት" አሉኝ።

ቅዳሜ ሲሆን ሌላ ሰው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጨዋታ ቀን ሜዳው ዳር ሰንሰለት የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዘንግ ነው፣ መሃላቸው ላይ አስር ያርድ ሰንሰለት። ልጆቹ በአራት ሙከራ ያንን ያህል ከገፉ ኳሱ እጃቸው ላይ ይቆያል፤ ካልገፉ ለባላጋራ ይሰጣል። ሰንሰለት የያዘ ሰው ደግሞ ደጋፊ አይደለም። የቡድን ቀለም አይለብስም፣ አያጨበጭብም፣ አይጮህም። ሕግ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ አፋቸው የማይዘጋ ሰው ሰባተኛው ቀን ላይ አፋቸውን በተቀቀለ ለውዝ ጠቅጥቀው ዝም። በቅሎዎቹ ሲሸነፉ መንጋጋቸው ይፈጥናል። እኔ ውጤቱን ከሰሌዳው አይደለም የማነበው፣ ከመንጋጋቸው ነው።

መንጋጋቸው ደግሞ ለብዙ ጊዜ አላረፈም። ከተማችን ውስጥ የዶሮ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ሆስፒታሉም ተዘግቷል፤ ምጥ የያዛት ሴት ሃምሳ ማይል ትነዳለች። የቀረን ኮሌጁ ነው። የኮሌጁ ተማሪ ሲሶው ደግሞ ፉትቦል ሊጫወት የመጣ ልጅ ነው፤ ቡድኑ ከሄደ ልጆቹ ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ከሄዱ ኮሌጁም አይቆይም። ቡድኑ ሃያ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ከማርሽ ባንዱ የቀረው አስራ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ከበሮ መቺው ጥሩምባም ይነፋል። ነሐሴ ላይ የኮሌጁ ቦርድ ቁርጡን ተናገረ፤ ዘንድሮ አንድ ጨዋታ እንኳ ካላሸነፈ ቡድኑ ይዘጋል።

በዚህ መሃል ነው አዲሱ አሰልጣኝ ማርሎን ስቲጋል የመጣው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ሲያስተምር የነበረ። አውቶቡሱን ራሱ ይነዳል፣ ማልያውን ራሱ ያጥባል። ጋሽ ሆሊስ እንደ ልማዳቸው ፓይ ይዘው ሄዱ። ሰውዬው ስለ ዕቅድ አንድ ቃል አልተነፈሰም። "ጋሼ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ሰው ያውቃሉ?" ብቻ ነው ያላቸው። ተመልሰው ሲመጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"ዕቅድ የለውም" አሉን። "በቃ። ዘንድሮ ይለያል።"

እውነትም ትንሽ ተለየ። በአርባ ነጥብ ተሸነፍን፣ ቀጥሎ በሃያ፣ ቀጥሎ በስድስት። አንድም ሳናሸንፍ ኅዳር ላይ የመጨረሻው ጨዋታ መጣ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሰዓት ሲቀር አስራ አራት ለአስራ ሦስት እየመራን ነበር። ኳሱ በእጃችን፣ አራተኛው ሙከራ። አስር ያርዷ ከሞላች ሰዓቱን ጨርሰን ወደ ቤት። ልጁ ኳሱን ታቅፎ ገባ፣ የሁለቱም ቡድን ልጆች ላዩ ላይ ተከመሩ። ሲነሱ ኳሱ ሞላ አልሞላ የሚያውቅ ጠፋ። ዳኛው እንዲለካ ሰንሰለቱን ጠራ።

ጋሽ ሆሊስ የፊቱን ዘንግ ይዘው ገቡ። የመጣነው አራት መቶ ሰዎች አንሞላም፤ ሰንሰለቱ ጭቃው ላይ ሲጎተት ይሰማል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ዘንግ እያስተካከለ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ እጃቸውን ነው የማየው። ትንሽ ቢያላሉት፣ ሰንሰለቱ ጎበጥ ቢል፣ ዘንጉ ወደ ኋላ ይቀርና ኳሱ ሞላ ይባላል፣ አለቀ። የሚያይ ባላጋራ የለም። የምናየው እኛ ነን፣ እኛ ደግሞ አንናገርም።

መንጋጋቸው ቆመ። ከዚያ ሰንሰለቱን ሳቡት፣ ጭቃው እስኪረግፍ ድረስ ወጠሩት።

አውራ ጣት ታህል ጎደለች።

ባላጋራ ኳሱን ወሰደ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ አገባ። አስራ ስድስት ለአስራ አራት። ማክሰኞ ቦርዱ ተሰብስቦ ቡድኑን ዘጋ። ሰንሰለቱን "ለማስታወሻ" ብለው ለጋሽ ሆሊስ ሰጧቸው።

ረቡዕ ባንኮኒው ጥግ ተቀመጡ። ቨርና ቡናቸውን እየቀዳች፣ ፊታቸውን ሳታይ፣ "ትንሽ ላላ ቢያረጉት ምን ነበረበት?" አለቻቸው።

"ከላላማ አስር ያርድ አይደለም፣ ልጄ።"

"ከተማዋ ግን ትተርፍ ነበር።"

ቡናቸውን አማሰሉ። ለውዝም የለ፣ ወሬም የለ። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር "እስቲ የጋሽ ሆሊስን ድምፅ አርግልን" አለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከዚያ ወደ ዓሣዬ ዞርኩ።

ሲወጡ በጣታቸው ጠሩኝ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሰንሰለቱን ከፒካፓቸው አወረዱ፣ ከኪሳቸውም የግንበኛ ሜትር አወጡ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጎትቼዋለሁ" አሉ። "ብረት ሲጎተት ይለጠጣል። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሂድ፣ ያንን ጫፍ አንብብልኝ።"

"ተለጥጦ ቢሆንስ ጋሼ?"

"ሞልታ ነበር ማለት ነዋ። ቡድኑን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

እሳቸው ዜሮው ላይ ቆሙ፣ እኔ ሄጄ ጫፉ ላይ ተንበረከክኩ። ትምህርቴ ከአስረኛ ክፍል ባያልፍም ሜትር ማንበብ አያቅተኝም። አስር ያርድ ሠላሳ ጫማ ነው። ሜትሩ ሠላሳ ጫማ ከሁለት ጣት ይላል። አጠበቅኩና ደግሜ አየሁ። ሠላሳ ጫማ ከሁለት ጣት።

ቀና ስል ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ጭንቅላታቸው እንደዚያ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ተነሳሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ የቅዳሜውን ዳኛ ድምፅ አወጣሁ፤ ያንን በአፍንጫው የሚያወራውን። "ልክ አስር ያርድ" አልኩ። "አልጎደለም፣ አልተረፈም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዳኛ ሁለቴ አይናገርም ጋሼ።"

ኮፍያቸውን አጠለቁ። ከኪሳቸው ለውዝ ፈልገው አንዷን አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ሰንሰለቱን እየጠቀለሉ "ስቲጋልን ካትለር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሰልጣኝነት ቀጥረውታል" አሉኝ። "ደወለልኝ። ሰንሰለት ያዥ የላቸውም። ሰንሰለትም የላቸውም። ይሄንን ይዤላቸው እሄዳለሁ።"

"አዲስ ቢገዙ አይሻልም?"

"ለምን? ልክ ነው አላልክም እንዴ?"

ምን ልበል። "ልክ ነው" አልኩ።

ፒካፓቸው ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የከርሞው ይለያል" አሉና ሄዱ።

እንግዲህ ከመጪው መስከረም ጀምሮ የካትለር ልጆች ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ሁለት ጣት አስበልጠው ሊሮጡ ነው። ይሩጡ፣ ወጣት አይደሉ።