ታፔላ ያልተሰቀለበት ክፍል

ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ ሲጠየቅ ምን ይላል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እስቲ አንድ ሰው ሳያስፈራራችሁ፣ መልሱንም አስቀድሞ ሳያዘጋጅላችሁ፣ «ምን ይሻላችኋል?» ብሎ ይጠይቃችሁ። መጀመሪያ የምታደርጉት ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ማን እንደቆመ ማየት ነው።

በዚያ ዘመን እኛ በስብሰባ አንታማም። ስለ ጽዳት እንሰበሰባለን፣ ስለ ዘመቻ እንሰበሰባለን፣ ስለሚቀጥለው ስብሰባም እንሰበሰባለን። ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የለመድነው ግን ማጨብጨብንና ጥፋትን መናገርን ነው። ጥፋትን መናገሩ ግለ ሂስ ይባላል። ሰውየው ተነሥቶ የገዛ ጥፋቱን በሕዝብ ፊት ያወጣል፣ ሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰውየው ቀለል ብሎት ይቀመጣል። የሚቸገረው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። ከቤቱ ፈልጎ መምጣት አለበት።

ይህን ያነሣሁት ኮልፌ ያለው ቀበሌያችን አንድ ጊዜ ማንም የማያስባቸውን ሰዎች ለስብሰባ ስለጠራ ነው። የጠራው እኛን፣ የአእምሮ ሕሙማንን ነው።

እኔ ከነዚህ ሰዎች የተቆጠርኩት ባለቤቴ በወሊድ ከሞተች በኋላ ነው። ልጅቷ ተረፈች። እኔ መናገር ተውኩ፤ ቀጥሎ መብላት ተውኩ። አየር ጤና አብረውኝ ጋራዥ የሚሠሩት ልጆች ደግፈው ወሰዱና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ሆስፒታል አስገቡኝ። ስወጣ በየወሩ እየሄድኩ መድኃኒት እንድወስድ ታዘዝኩ። መድኃኒቱ እንቅልፍ ሰጠኝ። ምግብም መቅመስ ጀመርኩ። ልጄ ሰላም ግን ያለችው ከአማቴ ከወይዘሮ አስካለ ዘንድ ነበር። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ቀብረው፣ ከእሷ የተረፈችውን ታቅፈው የተቀመጡ ሴት ናቸው።

«እዚያ እብድ ቤት መመላለስህን የተውክ ቀን ልጅህን ትወስዳለህ» አሉኝ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ይላል። አማቴ ተው ይላሉ። መሀል ላይ ጥርስ ያላበቀለች ልጅ አለች።

ስብሰባውን ያመጣችው ሲስተር ዘውዴ ናት። እንደ እኛ ላለ ሰው ተብላ ሠልጥና ወደ ጤና ጣቢያችን የተመደበች ነርስ ናት። ከእንግዲህ መድኃኒቱ እዚሁ ኮልፌ ሊሰጥ ነው። ቀበሌው ክፍል አዘጋጅቷል፤ በእሱ ቤት ነገሩ አልቋል። ሲስተር ዘውዴ ግን «የሚገለገሉበት ሰዎች ሳይጠየቁ አይከፈትም» ብላ ድርቅ አለች። ሊቀመንበሩ ጓድ መኮንን ግራ ገባቸው። እብድ ምን ተብሎ ይጠየቃል? አልፈርድባቸውም። እኔም እብድ ሲጠየቅ ምን እንደሚመልስ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር፤ ከውስጡ ሆኜም አላውቀውም።

አዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሆነን ተራርቀን ተቀመጥን። ጓድ መኮንን ዕቅዱን አስረዱ። ክፍሉ ከኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት ነው። በሩ ለብቻው ነው። የመድኃኒቱ ቀን ቅዳሜ ነው። ታፔላው ተጽፎ አልቋል፤ ከፍ አድርገው አሳዩን። «የአእምሮ ሕሙማን መከታተያ» ይላል፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ለቆመ ሰው ሊነበብ በሚችል ቀይ ፊደል።

«አሁን መድረኩ የእናንተ ነው» አሉ። «በግልጽ ተናገሩ።»

አቶ ደምሴ ተነሡ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባለፈው ወር መድኃኒቴን ሳልውጥ ሰንብቻለሁ። ይህ ግዴለሽነት ነው። ግለ ሂሴን አቀርባለሁ።»

ጓድ መኮንን ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበያ በርበሬ የምትሸጠው መሠረት ቀጠለች።

«እኔ ደግሞ በሬዲዮ ስለ እኔ ይወራል ብዬ የጎረቤቴን ሬዲዮ ሰብሬአለሁ። መስበሬ ጥፋት ነው። ወሬው የማን እንደነበረ ግን እስካሁን አልተጣራም።»

«ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል» አሉ ጓድ መኮንን።

በዚህ አያያዛችን ሁላችንም በሽታችንን እንደ ጥፋት ተናዝዘን፣ ተጨብጭቦልን፣ ወደየቤታችን ልንበተን ነበር። ሲስተር ዘውዴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«የእናንተን ጥፋት ማን ጠየቀ? የእኛን ንገሩን። ክፍሉ እዚያ ቢሆን ትመጣላችሁ?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀን አናውቅም። እኔ የማስበው ስለ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ አማቴ ስኳርና ሳሙና ለመውሰድ ከዚያ ሱቅ በር ይሰለፋሉ። ከእሳቸው ጋር ኮልፌ በሙሉ ይሰለፋል። ተነሣሁ።

«እዚያ ከሆነ እኔ አልመጣም» አልኩ። «ካልመጣሁ መድኃኒቱ ይቀርብኛል። ከመጣሁ ልጄ ትቀርብኛለች።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ጓድ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

እዚህ ድረስ አላሰብኩም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ሕፃናት በሚከተቡበት ቀን አድርጉት። ከእናቶቹ ጋር ባንድ ወንበር እንቀመጥ። ማን ለምን እንደመጣ አይለይም። ታፔላውም ይቅር።»

«ከሕፃናት ጋር? እናንተ? ጩኸት ቢነሣስ?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች መሠረት፣ «የሚጮኹት እኮ እነሱ ናቸው። እኛ መርፌ ለምደናል።»

መጀመሪያ የሳቁት ጓድ መኮንን ናቸው። እሳቸው ከሳቁ መሳቅ ስለሚቻል ሁላችንም ሳቅን። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ታፔላው የጤና ጣቢያውን ዘበኛ ቤት ጣሪያ ለመድፈን ዋለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። ጎልማሳ ወንድ ብቻውን ከክትባት ወረፋ ቢቀመጥ ከታፔላ የባሰ ያስታውቃል። ልጅ ያስፈልጋል። ወደ አማቴ ሄድኩ።

«እማማ፣ ሆስፒታሉን ትቻለሁ» አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ እዚያ መሄድ ቀርቷል። «ሰላምን ደግሞ ከእንግዲህ እኔ ላስከትባት። እርስዎ ወገብዎን ያምዎታል።»

«ስለ መውሰዱ እናያለን» አሉ። ለክትባቱ ግን አቅፈው ሰጡኝ።

እንዲህ በየወሩ አግዳሚው ወንበር ላይ ልጅ መያዝ ተማርኩ። እናቶቹ አይምሩም። «አንገቷን ደግፍ እንጂ አንተ፣ ጎማ ነው እንዴ የያዝከው?» ይሉኛል። አቶ ደምሴ ልጅ ስለሌላቸው የእኔን ተቀብለው ይይዛሉ፤ እሳቸው ሲጠሩ መልሰው ያስረክቡኛል። ወረፋው ሲረዝም ሰላም ከመሠረት ጭን ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባለቤቴ በሞተች ጊዜ ማየት የተሳነኝን የልጄን ፊት እዚያ ወንበር ላይ ቀስ ብዬ አየሁት። የእናቷ ግንባር ነው።

ክትባት እንደሚያልቅ ያወቅሁት ሲያልቅ ነው። ቢሆንም የመድኃኒቴ ቀን ሲደርስ ሄጄ ሰላምን እጠይቃለሁ፤ አማቴም አልብሰው ይሰጡኛል። አንድ ጠዋት ግን ሕፃኗን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ፤ አልሰጡኝም።

«ይህች ልጅ በተከተበች ቁጥር ትተኩሳለች» አሉ። «እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ የማበርዳት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከአንተ ጋር ሄዳ ስትመለስ አትተኩስም።»

ክትባቱ ማለቁን ደርሰውበታል።

«የሚሰጡህን መድኃኒት ትውጣለህ?» አሉኝ።

«እውጣለሁ እማማ።»

«ትተኛለህ?»

«እተኛለሁ።»

የልጅቷን ነጠላ አስተካከሉና ክንዴ ላይ አስቀመጧት። እኔም ሳላስበው አንገቷን ደገፍኩ፤ እሷ ግን አድጋ ድጋፍ አያሻትም። አማቴ እጄን አዩት።

«በሉ ሂዱ፣ ወረፋው ይረዝምባችኋል። ማታ አትመልሳት። ልብሷን ነገ አመጣለሁ።»

ያንን ሁሉ ዘዴ ያወጣነው እሳቸው እንዳያውቁ ነበር። ስናቅድ እኔ ተጠየቅሁ፣ አቶ ደምሴ ተጠየቁ፣ መሠረትም ተጠየቀች። ወይዘሮ አስካለን የጠየቀ የለም። ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር አሁንም ድረስ ለማወቅ እጓጓለሁ። በየሳምንቱ ልጄን ለማየት ይመጣሉ፤ ከጎኔ ይቀመጣሉ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።